የድልነሳው አባት የተናገሩት ቃል

እኛ ከተማ አንድ ሰው አለቃ ሆኖ ሲሾምና ወዳጆቹን ሲጋብዝ፣ ከታዳሚው አንዱ መነሣቱና አንዲት ንግግር መወርወሩ አይቀርም። ሰዉ «እውነት ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ ተሿሚውም ፈገግ ይላል። ከየት እንደመጣች ግን የሚጠይቅ የለም። ከጥንት የወረደች ነው የሚመስላቸው። በቀደም ልጄ ከትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ መጥታ «አባዬ፣ መምህራችን የአበው ምሳሌ ብሎ ያጻፈንን ላንብብልህ» አለችና ያችኑ ንግግር አነበበችልኝ። ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ንግግሯ የጥንት አይደለችም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስትነገር እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ እንድትነገር ካደረጉትም ሰዎች አንዱ ነኝ። ልጄ አንድ ቀን ከሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልጻፈው ብዬ ነው።

ስሜ ይበልጣል ይባላል። በከተማችን ዳር ባለው የዱቄት ፋብሪካ የስንዴ ተረካቢና የክፍሌ ተጠሪ ነበርኩ። ከገጠር የሚመጣውን ስንዴ እመዝናለሁ፣ ወደ ሳይሎዎቹ አስገባለሁ። ሳይሎ የምንለው እንደ ፎቅ ቤት የረዘመ የቆርቆሮ ጎተራ ነው። አራት ነበሩን።

ያኔ ሥራ አስኪያጃችን አጸደ ነበረች። ከላቦራቶሪ ነው የተነሣችው። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ የስንዴ እርጥበት የምትለካ፣ በምሳ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ትሪ ላይ የምትበላ፣ «አጸዱ» እያልን የምንጠራት ልጅ ነበረች። ከእሷ በፊት የነበረው ሥራ አስኪያጅ ጩኸቱ ወፍጮውን የሚያስንቅ ሰው ነበርና፣ እሷ ስትሾም በግ አርደን ነው የተቀበልናት። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት «ወይዘሮ አጸደ»፣ «እርስዎ» ማለት ጀመርን። በሆዳችን ግን ያችው አጸዱ ናት።

በመጀመሪያው ዓመት ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አቆመች። «ማንም የሚሰማውን ይናገር፤ እኔ የቀድሞው ሰውዬ አይደለሁም» አለች። ተናገርን። ዓመታት የታፈነ ሕዝብ ነን፤ አንዱ ስለ ሽንት ቤቱ በር፣ አንዱ ስለ ሻዩ ቅጥነት፣ አንዱ ስለ ሰርቪሱ መዘግየት፣ አንዱም ጎረቤቱ ሲያናግረው ስላኮረፈው ሳይቀር ይናገራል። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሁሉንም በማስታወሻዋ ትጽፋለች። ከላይ ደግሞ ቦርዱ ከአዲስ አበባ እየደወለ «ምርት ለምን ቀነሰ?» ይላታል። ከላይም ከታችም እሳት እንደነደደበት ዳቦ ሆነች። ከስታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ አግኝተናት እንዳላየን ሆነን ያለፍንበት ቀን አለ።

በሁለተኛው ዓመት ለአመራር ሥልጠና ተብላ አምስት ቀን አዲስ አበባ ሰነበተች። ስትመለስ ሰው ሆና መጣች። ሠዓሊ አስጠርታ በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ሰማያዊ ፊደል አጻፈች፦ «ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዘህ ና!»

«ከዛሬ ጀምሮ» አለችን፣ «የሚነሣ ሰው ችግሩን ከነመፍትሔው ነው የሚነግረኝ። እናንተም ታድጋላችሁ፣ እኔም አርፋለሁ።»

ሐሰት አልናገርም፤ መጀመሪያ ላይ በጀ። ስለ ሽንት ቤቱ በር ሲያማርር የኖረው ሰውዬ ማጠፊያ ገዝቶ ራሱ ገጠመው። ጭብጨባ ተደረገለት። ስብሰባው ከሦስት ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ስለ ድልነሳው ልንገራችሁ። የየጁቤ ገበሬ ልጅ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ስንዴ በመዳፉ ዘግኖ አሽትቶ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ይነግርሃል። የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ አበልጆች ነን። ሥራው ሳይሎ ውስጥ መግባት ነበር። ስንዴው እርጥበት ሲይዝ ከግድግዳው ጋር እንደ ጭቃ ይጋገርና አልወርድ ይላል፤ ያን ጊዜ ድልነሳው ከላይ በመሰላል ይገባና በረጅም ብረት እየወጋ ያፈርሰዋል።

ከየሳይሎው ሥር ስንዴውን እየጎተተ ወደ ወፍጮ የሚልክ ጠመዝማዛ ብረት አለ። ያ ብረት ሲዞር ላዩ ያለው ስንዴ እንደ ውኃ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ ሰው ከመግባቱ በፊት የማጥፊያው እጀታ ወደ ታች ይወርዳል። የሦስተኛው ሳይሎ እጀታ ግን አርጅቶ መቆም እንቢ ብሎ ነበር። ታወርደዋለህ፣ እጅህን ስታነሣ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

አንድ ሰኞ ድልነሳው ተነሣ። በስብሰባ ሲናገር ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ወይዘሮ አጸደ፣ የሦስተኛው ማጥፊያ አይቆምም። ስናወርደው ተመልሶ ይነሣል። እኛ ደግሞ ውስጥ እንገባለን።»

«እሺ ድልነሳው፤ መፍትሔህስ?»

«መፍትሔውንማ አላውቀው። እኔ የኤሌክትሪክ ሰው አይደለሁም። የማውቀው ችግሩን ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ አነጋገሩ ነው ያሳቀን። እሷም ፈገግ ብላ በእስክሪብቶዋ ወደ ግድግዳው አመለከተች።

«እስቲ እዚያ ላይ ምን ይላል? አንብብልን።»

ድልነሳው ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነው። ዞር ብሎ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ እየቆየ አነበበው። ሁለተኛ ተሳቀ።

«በል፣ መፍትሔውን ስታገኝ ትነግረኛለህ። ቀጣይ!»

ተቀመጠ። ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ነበር። ከሳቁት ውስጥ እኔም አለሁበት።

በምሳ ሰዓት ይህ ነገር ከንክኖኝ «አበልጄ፣ ለኤሌክትሪሺያኑ ለምን አንነግረውም?» አልኩት።

«ነግሬዋለሁ። ዕቃው ያለ እሷ ፊርማ አይገዛም፤ በስብሰባ አቅርብ አለኝ።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሰኞ እኔ ልንገራት።»

«ተወው። አንተንም ያስነብቡህና አብረን መሳቂያ እንሁን? መፍትሔ አግኝቻለሁ።»

«ምን?»

«አንተን» አለና ሳቀ። «እኔ ስገባ አንተ እጀታውን ትይዝልኛለህ።»

ያዝኩለት። ሰባት ወር ያዝኩለት። እሱ ላይ ሆኖ ስንዴውን ሲወጋ፣ እኔ ታች ቆሜ ሁለት እጄን ጭኜ እጠብቃለሁ። ጨርሶ ሲወጣ ቆርቆሮውን ሦስቴ ይመታል፤ ያኔ እለቃለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን እንደዚያ ሆኜ አጸደ በአጠገቤ አለፈች። ቆም አለችና «ይበልጣል፣ ሁሉ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው።»

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ድልነሳው ውስጥ ነው፤ እየጠበቅሁት።»

«ጎበዝ» ብላኝ ሄደች።

እጄ እኮ እጀታው ላይ ነበር። እሷ ለምን እንደያዝኩት አልጠየቀችም፤ እኔም ከአፌ አላወጣሁትም። ያችን ደቂቃ ስንት ጊዜ መልሼ እንደኖርኳት እግዜር ነው የሚያውቀው።

የሰኞው ስብሰባ እያጠረ ሄዶ ሩብ ሰዓት ሆነ። «ችግር አለ?» ትላለች፤ «የለም» እንላለን። ተበታትነን በየሥራ ክፍላችን ስንገናኝ ግን ወሬያችን ሁሉ ችግር ነው። የወፍጮው ቀበቶ ሊበጠስ ነው፣ የጭነት መኪናው ፍሬን አይዝም። እሷ ጋ የሚደርስ የለም። ቦርዱ «ቅሬታ የሌለበት ፋብሪካ» ብሎ የምስጋና ወረቀት ላከላት። መስታወት አስገብታ ቢሮዋ ሰቀለችው። ሞኝ ሆና አይመስለኝም። ደክሟት ስለነበር እረፍቱን ወደደችው። ፊቷ ተመለሰ፤ «ልጆቼን እንኳ በፀሐይ ማየት ጀመርኩ» ስትል ሰምቻታለሁ።

ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ተጋምሶ ሳለ፣ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ስንዴው እርጥብ ሆኖ ገባና በየሳይሎው ተጋገረ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት መብራት ጠፋ። ድልነሳው ሦስተኛው ሳይሎ ገባ፤ እኔም ታች እጀታዬን ያዝኩ። መብራት ባይኖርም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና እይዘዋለሁ።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ የአጸደ ጸሐፊ እየሮጠች መጣች።

«ይበልጣል፣ የክፍል ተጠሪዎች ሁሉ አዳራሽ ግቡ ተብላችኋል። ከቦርድ እንግዶች መጥተዋል፤ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።»

«ድልነሳው ውስጥ ነው እኮ።»

«ታዲያ አንተ ምን ታደርግለታለህ? አምስት ደቂቃ ነው፤ ሰላም ብለህ ትመለሳለህ።»

«እጀታው አይቆምም፤ ብለቀው ሰው ይሞታል» ማለት ነበረብኝ። ይህን ብናገር ግን እስከዛሬ ለምን አልተናገርክም መባሉ ነው፣ እንግዶች ፊት ችግር ያለ መፍትሔ ይዞ መምጣት ነው። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን መታሁና ጮህኩ።

«አበልጄ! ውጣ፤ ጠርተውኝ ልሄድ ነው!»

ድምፁ ከውስጥ ከሩቅ መጣልኝ። «ትንሽ ናት የቀረችኝ! እሰረውና ሂድ!»

የጆንያ መስፊያ ሲባጎ አነሣሁና እጀታውን ከቧንቧው ጋር ሦስቴ ጠምጥሜ አሰርኩት። ሳብ አድርጌ ሞከርኩት። ያዘ። ሄድኩ።

አዳራሹ በመስኮት ብርሃን ብቻ ነው ያለው። ሦስት እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል። አጸደ ቆማ አንድ በአንድ በስማችን አስተዋወቀችን፤ በእኛ ትኮራ ነበር። ከእንግዶቹ በዕድሜ የገፉት ሰው ደግ ፊት ነበራቸው።

«ልጆቼ» አሉን፣ «በሥራችሁ ላይ የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ ያለ ፍርሃት ንገሩን። ለዚሁ ነው የመጣነው።»

ተያየን። ከዳር ጀምሮ «የለም» ማለት ተጀመረ። ወፍጮ ቤት «የለም»። ማሸጊያ «የለም»። መኪና ክፍል «የለም»። የእኔ ተራ ደረሰ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ እምላለሁ። አጸደን አየኋት። ፈገግ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።

«የለም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ወዲያው መብራት መጣ። ጣሪያው ላይ ያሉት ረጃጅም አምፖሎች ብልጭ ድርግም ብለው በሩ። «እሰይ!» አለ አንዱ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከአዳራሹ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ወንበር ገልብጫለሁ አሉ።

ስደርስ ሲባጎው ተፈትቶ መሬት ላይ ወድቋል፤ ጠመዝማዛው ብረት ይዞራል። እጀታውን ይዤ ተንጠለጠልኩበት። ቆርቆሮውን በግንባሬ እየመታሁ «ድልነሳው! ድልነሳው!» እላለሁ። ላዩ ዝም ነው።

የሳይሎውን ጎን በመዶሻ በሳነው። ስንዴው ግቢው ላይ ፈሰሰ። ስልሳ የምንሆን ሰዎች በአካፋ፣ በባልዲ፣ በእጃችን ዛቅን። አጸደ ለእንግዶቹ የለበሰችውን ቀሚስ እንደለበሰች ተንበርክካ በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር። ስናገኘው መውጊያ ብረቱን አልለቀቀውም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ እጀታውን ሠራው። የመዳፍ ያህል ዕቃ ነው የቀየረው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። አጸደ አጠገቡ ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከተች። ሲጨርስ እጀታውን በራሷ እጅ አወረደችው፤ ቆመ። ፖሊስም መጥቶ ጠየቀ፣ ጻፈ፤ እኔንም ሁለት ቀን አቆዩኝ። አጸደ ወር ሳይሞላ ሥራዋን ለቀቀች። አሁን ኬሚስትሪ ታስተምራለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ የልጆቿን ደህንነት እጠይቃለሁ፣ የልጄን ትጠይቀኛለች፣ ሌላ ነገር አናነሣም። ከእጀታው መሠራት በቀር ግን ይህ ሁሉ ኋላ የሆነ ነው። ንግግሯ የተነገረችው በሠልስቱ ዕለት፣ በድልነሳው ድንኳን ውስጥ ነው።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የድልነሳው ባለቤት ውባለም ድምፅዋ ተዘግቶ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አባቱ አቶ ወንዳፍራሽ ከየጁቤ መጥተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ስንዴ ያመረቱ ሰው ናቸው። አያለቅሱም። እያንዳንዱን ለቀስተኛ ቀና ብለው ያዩታል።

አጸደ ገባች። ወንበር ቢለቁላት እንቢ ብላ መሬት ላይ፣ ሽማግሌው እግር አጠገብ ተቀመጠች። ብዙ ካለቀሰች በኋላ ነው ቃል የወጣት።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ አልሰማሁም። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ቢነግረኝ በዚያው ቀን አሠራው ነበር። ልጆቼን ይንሣኝ።»

እውነቷን ነበር። አብሬያት ሽሮ የበላሁ ሰው ነኝ፤ በዚያው ቀን ታሠራው ነበር።

አቶ ወንዳፍራሽ ወደ እኛ፣ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ እኔ የፋብሪካ ነገር አላውቅም። አንድ ነገር ግን ንገሩኝ። ያ ብረት መበላሸቱን የምታውቁ ነበራችሁ?»

እኔ ተነሣሁ።

«እኔ አውቅ ነበር፣ አባቴ። ሰባት ወር በእጄ ይዤዋለሁ።»

«እሷስ ክፉ ናት? ትሳደባለች? ትማታለች?»

«ኧረ የለም። ደግ ናት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

መልስ ፈለግሁ። ፈርቼ ነው እንዳልል የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። «መናገር…» አልኩ፣ «መናገር ትተን ነበር።» ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው ወደ አጸደ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ልጃቸውን እንደሚጠይቁ ነው የጠየቋት።

«ልጄ፣ ደህና አድርገሽ አስቢ። የኔው ልጅ ራሱ ነግሮሽ አያውቅም?»

አጸደ አፏን ከፈተች። «አላ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ያ ሰኞ ትዝ አላት።

«ነግሮኛል» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ። «አንድ ቀን ነግሮኛል። ግድግዳ አስነበብኩት። ሰው ሳቀበት። እኔም… እኔም ሳቅሁበት።»

ውባለም ከተቀመጠችበት ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። አጸደ በሽማግሌው እግር ላይ ተደፋች። እኛ ሁላችን መሬት መሬት እናያለን፤ ያን ዕለት ያልሳቀ አልነበረምና። አቶ ወንዳፍራሽ በዚያ መሬት ባደረቀው እጃቸው ራሷን ዳሰሱት፤ ከመጡ ጀምሮ ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ በጉንጫቸው ወረደ።

«አይ ልጄ» አሉ፣ «ሳትሰሚ የቀረሽው ሰው ሳይናገር ቀርቶ አይደለም፤ የሰውን አፍ የዘጋ የራሱን ጆሮ ደፈነ።»